መጽሐፍ የሚያስደስተን ለምንድን ነው?

(በአቃቂ በተደረገው የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ በመጀመሪያ ስናየው ቀላል መስሎን ነበር። ሰው መጽሐፍ የሚያነበው ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ «ዕውቀት ለማግኘት» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። እኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንመልስ የኖርነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አሁን የተጠየቅነው ስለ ጥቅሙ ሳይሆን ስለ ደስታው ነው። ስለ ደስታው ስንጠየቅ ብዙዎቻችን የምንለው ጠፋን። ይህ ለምን እንደ ሆነ ተነጋግረን የደረስንበትን ልንነግራችሁ እንወዳለን።

እውነቱን ለመናገር፥ ከመካከላችን ብዙዎቹ ለፈተና ካልሆነ በቀር መጽሐፍ አንከፍትም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ባለቀ ማግስት ደብተሮቻችንንና የተገነጣጠሉ መጻሕፍታችንን በኪሎ አስመዝነን ለቆሎ ሻጮች ሸጠናል። ያን ጊዜ ከጀርባችን ሸክም የወረደልን ያህል ተሰምቶን ነበር። ያን ያህል ዓመት ተምሮ መጨረሻው መጽሐፍን እንደ ሸክም መቍጠር ከሆነ፥ በመካከሉ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያው የቆሎ ወረቀት ሌላም ነገር ያስታውሰናል። ልጆች ሳለን፥ እዚሁ አቃቂ ከገበያ ስንመለስ፥ ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግተን እናነብ ነበር። አንድ ቀን የገጠመን ከልብ ወለድ መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ነው። አንዲት ሴት ሌሊት በር ሲንኳኳ ሰምታ ልትከፍት ስትነሣ ገጹ አለቀ። ከደጅ የቆመው ማን ነው? ወደ ሻጭዋ ተመልሰን የሚቀጥለውን ገጽ እንድትፈልግልን ብንለምናት፥ «ቆሎ ነው የምትገዙት ወይስ ወረቀት?» ብላ ሳቀችብን። ከደጅ የቆመው ማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ያን ቀን ፈታኝ አልነበረብንም፤ ማርክ የሚሰጠንም አልነበረም። ነገር ግን የማናውቃት ሴት ነገር እንደ ገዛ ቤታችን ነገር አስጨንቆን አደረ። የንባብ ደስታ ሥሩ ይህ ይመስለናል፤ ይኸውም የሌላው ሰው ጉዳይ የራስ ጉዳይ ሲሆን ነው።

ይህ ደስታ ለተማረ ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፥ በዚህ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠሩ የነበሩ ጎረቤቶቻችን፥ ፊደል ያልቆጠሩት ሳይቀሩ፥ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው ይሰሙ እንደ ነበር ወላጆቻችን ይነግሩናል። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል የሚጨነቁት እንደ ሰፈር ልጆች ነበር።

ስለ ንባብ ኀይል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የምናገኘው ከወኅኒ ቤት ነው። ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ ትዝ የሚለው እስር ቤቱ ስለ ሆነ፥ የሠፈራችን ሰው ይህን ምሳሌ ለመረዳት አይቸገርም። በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት፥ ማርጋሬት ሚቸል የተባሉት አሜሪካዊት በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ትልቅ ልብ ወለድ እስረኞቹ እጅ ገባ። ኋላ የ«አዲስ አድማስ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የሆኑት ገጣሚው ነቢይ መኮንን ያን ጊዜ እስረኛ ነበሩ። መጽሐፉን ወደ አማርኛ መለሱት። የሚጻፍበት ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ቍርጥራጩም ወደ ሦስት ሺህ ደረሰ። ጽሑፉ ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤት ወጥቶ፥ ኋላም ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ስም ታተመ።

እስከዚህ የሚያደርስ ምን ጥቅም ነበረው? መጽሐፉ የሚናገረው ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. ስለ ተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። የባርነትንም ነገር አለሳልሶ በማቅረቡ ዛሬ በብዙ ይነቀፋል። ነገር ግን ነገን ማየታቸውን የማያውቁ ሰዎች፥ ጦርነት ቤቷን ያፈረሰባት አንዲት ሴት እንዴት እንደ ተነሣች ማወቅ ፈለጉ። እኛ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶልን የማንገባ፥ እነርሱ በር ተዘግቶባቸው አነበቡ።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ «ለደስታ ብቻ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው» ይሉናል። በአክብሮት የምንመልሰው ይህ ነው፤ ለማርክ የሚያነብ ሰው ማርኩን ያገኘ ዕለት ያቆማል፤ የወደደ ግን አያቆምም። ጥቅሙም የሚመጣው ከማያቆመው ሰው ዘንድ ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል፤ እኛ ደግሞ ከመማር መውደድ ይቅደም እንላለን።

ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ አጠገብ ተከፍቷል። ነገር ግን ከአቃቂ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ የታክሲ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ጊዜም ይፈጃል። አዲስ መጽሐፍ መግዛትም ለተማሪ ኪስ ከባድ ነው። ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት፥ በዚሁ ክፍል፥ ፈተና የማይወጣበት አንድ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማስታወሻ የሚይዝ አይኑር፤ ጥያቄና መልስም አይኑር። መምህራንም እንደ እኛው ከወንበሩ ተቀምጠው ያዳምጡ። ሰዓቱ ሲሞላ፥ ንባቡ የትም ቢደርስ፥ ይቋረጥ።

ምናልባት አንዲት ሴት በር ልትከፍት ስትነሣ ይቋረጥ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በሚመጣው ሳምንት ማንም እንደማይቀር እናምናለን። በዚህ ጊዜ ግን የሚቀጥለው ገጽ በእጃችን ይኖራል።