በቤንቲዩ የጎርፍና የንጹሕ ውኃ ነገር

ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነሥቶ በደቡብ ሱዳን ሜዳ ሲደርስ ሱድ በተባለው ረግረግ ይንጣለላል፤ የኑዌር ሕዝብም ከጥንት ጀምሮ ውኃው ሲሞላ ወደ ከፍታው፣ ሲጎድል ወደ ግጦሹ ከከብቱ ጋር ይመላለስ ነበር። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የሐይቁ ከፍታ ቀድሞ ከተመዘገበው ሁሉ ስለ በለጠ፣ ዝናቡም ስለ በረታ፣ በተከታዮቹ ዓመታት ጎርፉ እንደ ማየ አይኅ ምድሩን ሸፈነ፤ ከጦርነት ሸሽተው በዚያው አገር ባለችው በቤንቲዩ ከተማ የተጠለሉ ተፈናቃዮችም በአፈር ግድብ ተከልለው፣ ከውጭ ካለው ውኃ ዝቅ ባለ ምድር ላይ መኖር ግድ ሆነባቸው።

በዚህ ሁሉ ውኃ መካከል የሚጠጣ መታጣቱ ልብን ያሳዝናል። መጸዳጃ ጉድጓዶች በተጥለቀለቁ ጊዜ ዐይነ ምድር ከውኃው ይቀላቀላልና፣ ጉበትን የሚያውክ፣ ይልቁንም ነፍሰ ጡሮችን የሚቀጥፍ ሄፓታይተስ ኢ የተባለ ደዌ ተዛመተ፤ የዚህ ደዌ ወረርሽኝ በጅምላ ክትባት እንዲገታ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረውም በ2014 ዓ.ም. በዚሁ በቤንቲዩ ነው።

ክትባት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ንጹሕ ውኃም ያስፈልጋል። የደፈረሰው ውኃ በሞተር ተስቦ በማጠራቀሚያ ይቆማል፤ አሉም በተባለ ማጥሪያ ጭቃው ከዘቀጠ በኋላ የጠራው በክሎሪን ይታከማል፤ ክሎሪኑም እናቲቱ ጀሪካኗን ሞልታ ቤቷ እስክትደርስና ልጆቿን እስክታጠጣ ድረስ በውኃው ውስጥ ጥቂት ሊተርፍ ይገባል፤ አለዚያ በቆሸሸ ዕቃ ዳግመኛ ይበከላል። ግድቡም ይሸረሸራልና ዘወትር በሸክላ አፈር መጠገን፣ በውስጡ የዘነበውም መውጫ የለውምና በሞተር ተስቦ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለነዳጅ፣ ለመለዋወጫና ለግድብ ጠባቂዎች ደመወዝ የሚሆን ቋሚ በጀት ከማናቸውም አዲስ ሥራ ይቀድማል።