ለሦስት ቀን ቤቱን ማን ይይዘዋል?

(የዕረፍትና የትምህርት ጉዞ አስተባባሪዎች በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በመጪው ኅዳር ወደ ዘጌ ልናደርገው ስላሰብነው የሦስት ቀን የዕረፍትና የትምህርት ጉዞ ነው። ሐሳቡ መጀመሪያ ሲነሳ ብዙዎቻችን ስቀናል። «ዕረፍት የፈረንጅ ነው» ያለችም ነበረች።

በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንና እህቶቻችን እንደሚያጫውቱን፣ በአውሮፓ ሰው ራሱን ለማሻሻል ብሎ ዕረፍት ይወጣል። ስፔን ለዚህ የታወቀች ናት። አንዱ በባሕሩ ዳርቻ ቤት ተከራይቶ ቋንቋ ይማራል፤ ሌላው በሐዋርያው ያዕቆብ ስም ወደሚጠራው የሳንቲያጎ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ይሄዳል። ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ ለጨረሰ መንገደኛ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ከእኛ አገር ወደዚያ ለመሄድ ግን የቪዛ ማመልከቻው ብቻ 90 ዩሮ ነው፤ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። እኛ ውኃውም፣ ደኑም፣ ገዳሙም ደጃችን ላይ ነው። የቸገረን የቦታ ጉዳይ አይደለም።

እስቲ እናስብ። ከመካከላችን ከቤቷ ውጭ ያደረች ሴት ምን ብላ አደረች? ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ አራስ ለመጠየቅ፣ በሽተኛ ለማስታመም። ለራሷ ብላ የወጣች ካለችም የሄደችው ጠበል ነው፤ ለዚያም መታመም ነበረባት። ሴት እስክትታመም ድረስ ማረፍ የማትችል ከሆነ፣ ይህ ልማድ ለእኛም ለቤታችንም አይበጅም።

ሴት ራሷን ፍለጋ ወደ ጣና ዳር መምጣቷ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1592 ተወልዳ በ1642 ያረፈችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የአፄ ሱስንዮስ መኳንንት ሚስት ነበረች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ቤቷን ትታ ከመነነች በኋላ ሰባት ማኅበራት መሥርታለች፤ ከእነዚህ አንዱ ዘጌ ነበር። በ1672 የተጻፈው ገድሏ እንደሚነግረን፣ ብቻዋን አልነበረችም፤ እኅተ ክርስቶስ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ያለው የቋራጣ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ባሎቻችሁ እንዳይደነግጡ፣ እኛ ያልነው ሦስት ቀን ብቻ ነው! ከእርሷ ታሪክ የምንወስደው ጓደኛ ይዞ መውጣትን ነው።

እንግዲህ ወደ ዕቅዱ እንግባ።

መጀመሪያ ቤቱ። አባላትን ስንጠይቅ «የጀልባውን ከፍዬ እሄዳለሁ፤ ቤቱን ግን ማን ይይዘዋል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ተደጋገመ። መልሱ ከአባቶቻችን እርሻ የመጣ ነው፤ ወንፈል። ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ማሳ በጋራ እንደሚያርሱት፣ እኛም በሁለት ምድብ እንከፈላለን። በየምድቡ 12 እንሆናለን። የመጀመሪያው ምድብ በኅዳር ሲሄድ ሁለተኛው ቤት ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ከትንሣኤ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ሲሄድ ደግሞ የመጀመሪያው ብድሩን ይመልሳል።

እያንዳንዷ ተጓዥ አንዲት ምትክ ይኖራታል። ምትኳ ልጆቹን ጠዋትና ማታ ታያለች፤ ጉሊት ያላትንም ሸቀጧን ትይዝላታለች። እንጀራውን ሁለቱ እሑድ ዕለት አብረው ይጋግሩታል። በግማሽ ወረቀት ላይ መድኃኒት የሚወስደው ልጅ፣ የቁልፉ ቦታና የጎረቤት ስልክ ይጻፋል። የአልጋ ቁራኛ ለምታስታምም እህት ሁለት ምትክ እንመድባለን። ለባሎች ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነን ቤት ድረስ ሄደን በአክብሮት እናስረዳለን። ሽሮ መሥራት የሚችል ባል ይሠራል፤ የማይችልም በሦስት ቀን ይለምዳል።

ቀኑ። ክረምቱ እንዲያልፍ ፈልገናል። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ማንም አይለቀንም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ኅዳር 12 ደግሞ ሚካኤል ነው፤ ብዙዎቻችን ዝክር አለብን። ስለዚህ ከኅዳር 1 እስከ 11 ባለው ውስጥ ሰኞ ሄደን ረቡዕ እንመለሳለን። የቅዳሜ ገበያም አይነካም፤ ልጆችም ትምህርት ቤት ይውላሉ።

ገንዘቡ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ 30 ሳምንት አለ። በሳምንት 50 ብር ብናስቀምጥ ለአንዷ 1,500፣ ለ12ቱ 18,000 ብር ይሆናል። ከዕቁቡ ጋር አይቀላቀልም፤ በተለየ ደብተር ይያዛል። መሄድ ያልቻለች ገንዘቧ ይመለስላታል። 50 ብር የሚከብዳት በበሶ ወይም በተፈጨ ሽሮ ትከፍላለች።

መንገዱ። ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያነሣዋል። ስለዚህ ጉዟችን ሲሄዱም ሲመለሱም በጠዋት ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት በቁጥራችን ልክ ከሌለ አንሳፈርም። የአካባቢው ሰላም ከመነሳታችን በፊት ይጠየቃል፤ አጠራጣሪ ከሆነ ቀኑ ይራዘማል። በሐይቁ ውስጥ የቢልሃርዚያ በሽታ ስላለ አንዋኝም። ለወባ አጎበር እንይዛለን። ማደሪያው አስቀድሞ በሁለት አባላት ይታያል።

ዘጌ ቡናው በደን ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሴቶች ገብተው የሚሳለሙባቸው ናቸው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማያስገቡ በዕቅዳችን የሉም። ገዳም መሳለም ለማትሻ፣ ለሙስሊም እህቶቻችንም ጭምር፣ በዚያ ሰዓት የቡናውን ደን የሚያስጎበኝ ሰው እናዘጋጃለን። ሥጋ አንይዝም፤ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሁላችንም ከአንድ ማዕድ እንበላለን።

እዚያ ምን እንሠራለን? ጠዋት ሁለት ሰዓት ትምህርት አለ፤ ትርፍና ኪሳራን መለየት፣ የባንክ ደብተር ማንበብ፣ በስብሰባ ላይ መናገር። ከሰዓት በኋላ ማንም ማንንም አያዝዝም። መተኛት የፈለገች ትተኛለች። ቡናውን የሚያፈላልን ሰው በገንዘብ እንቀጥራለን፤ እዚያም እኛው ካፈላን ምኑን አረፍን? ስልክ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ብቻ ይከፈታል፤ ለድንገተኛ ነገር የአስተባባሪዋ ስልክ ክፍት ነው። በመጨረሻው ማታ እያንዳንዷ በአንድ ዓመት ውስጥ ለራሷ የምታደርገውን አንድ ነገር ትናገራለች። መጻፍ የማትችለው ጓደኛዋ ትጽፍላታለች፤ ወረቀቱም ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ይቀመጣል።

ደጋፊዎቻችንን ሁለት ነገር እንለምናለን፤ 12 የመንሳፈፊያ ጃኬትና የአሠልጣኝ አበል። የቀረውን ራሳችን እንችላለን። ጃኬቶቹም የማኅበሩ ንብረት ሆነው ለሁለተኛው ምድብ ያገለግላሉ።

አባላት ሆይ፣ ምዝገባው የሚጀመረው በምትክ ነው። ስማችሁን ልታስመዘግቡ ስትመጡ ብቻችሁን አትምጡ፤ ቤታችሁን የምትይዝላችሁን እህት ይዛችሁ ኑ። ሁለታችሁም በአንድ መስመር ትጻፋላችሁ።