አንድ ቃል፣ ብዙ ፍቺ



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃሏ የመጣችው ከእንግሊዝኛ ነው። በእኛ ፊደል ስትጻፍ ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ «ቼ» እና «ክ»። ቼክ። ፊደሏ ቢያንስም ፍቺዋ ብዙ ነው።

አንድ ቃል ብዙ ፍቺ ቢኖረው አይግረማችሁ። የራሳችንን «ቆረጠ» ተመልከቱ። ገበሬው እንጨት ቆረጠ። መንገደኛው ትኬት ቆረጠ። በሽተኛው ተስፋ ቆረጠ። ሻጭና ገዢ ዋጋ ቆረጡ። ቃሉ አንድ ነው፤ ሥራው ግን አራት። ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን? ከጎኑ ባለው ቃል ነው። «እንጨት» ሲባል መጥረቢያ ይታየናል፤ «ትኬት» ሲባል አውቶቡስ።

ቼክም እንዲሁ ነው። ነገሩ የጀመረው ከጨዋታ ነው። በፋርስ ቋንቋ ንጉሥ «ሻህ» ይባላል። እኛ ሰንጠረዥ፣ ሌላው ቼዝ በሚለው ጨዋታ የአንዱ ንጉሥ አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ባላጋራው በዚህ ቃል ያስጠነቅቀው ነበር። ቃሉ በዐረብኛና በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ሲደርስ «ቼክ» ሆነ።

ንጉሡ የተነካበት ተጫዋች ሌላውን ሐሳብ ሁሉ ትቶ ይቆማል። ስለዚህ ቼክ «መግታት» የሚል ፍቺ ያዘ። የሚያልፈውን አቁሞ ማየት ደግሞ መመርመር ነው። ስለዚህ «ማጣራት» የሚል ፍቺ ተጨመረ። «ስሜ መኖሩን ቼክ አድርግልኝ» ስንል ይኸው ነው። ከጨዋታው ገበታ መልክ የተነሣም፣ እንግሊዞች ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ጨርቅን ቼክ ይሉታል። አሜሪካ አገር ደግሞ ምግብ ቤት ተበልቶ ሲያበቃ የሚመጣው ሒሳብም ቼክ ነው።

የባንኩ ወረቀትስ? እሱም ከማጣራት የወጣ ነው። ቀድሞ ቼክ የተባለው፣ ወረቀቱ ሲቆረጥ ለማመሳከሪያ በጥራዙ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ነበር። ኋላ ስሙ ወደ ወረቀቱ ተላለፈ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። እህል ሸጣችሁ፣ ገዢው ቼክ ቆርጦ ሰጣችሁ እንበል። ቼክ ገንዘብ አይደለም። «ከሒሳቤ ላይ ለእገሌ ይህን ያህል ክፈል» የሚል፣ ለባንክ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ አንብቡት። ስማችሁ በትክክል ተጽፏል? ቀኑስ? ፊርማ አለው? ገንዘቡስ ስንት ነው?

እዚህ ላይ አደራ! ገንዘቡ በቼክ ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዱ በአኃዝ፣ አንዱ በፊደል። አኃዙ 5,000 ብር ቢልና በፊደል የተጻፈው «አምስት መቶ ብር» ቢል የቱ ይጸናል? በሕግ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው። አያችሁ? ቁጥር ብቻ የሚለይ ሰው አራት ሺህ አምስት መቶ ብር ጎደለበት ማለት ነው። ፊደል የቆጠረ ግን «ይህ ይስተካከል» ብሎ ወረቀቱን ይመልሳል።

ሌላም አለ። በባንክ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የሚሰጥ ቼክ «ደረቅ ቼክ» ይባላል። «ደረቅ» የሚለው ቃል እንጀራም እንጨትም አይደለም እዚህ፤ ገንዘብ የለውም ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 693፣ ይህን አውቆ የሚያደርገውን ሰው ይቀጣል። ሰውየው ቢቀጣም እህሉ ግን ሄዷል። ስለዚህ ከሰጪው ጋር አብራችሁ ባንክ ሂዱ፤ ገንዘቡን ስትቀበሉ እህሉን አስጭኑ።

ከመለያየታችን በፊት እርሳስና ደብተር አንሡ። ይህን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦

«እህሉ ሳይጫን ቼኩን ቼክ አድርጉ።»

ቃሏ ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። የመጀመሪያዋ ምን ማለት ናት? ሁለተኛዋስ? መልሱን ለቤተሰባችሁ አስረዱ። ያልገባውን ሰው ደግሞ አስነብቡት።

ደኅና ሁኑ።