የትኛው ብራውዘር ከማን ይጠብቀናል?



የዛሬው ርዕሳችን ኢንተርኔት ስለምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ስለ ብራውዘር ነው። ዓለማዊ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ቤት ባለው ስልክ አባት የባንክ ሒሳቡን ያያል፣ እናት ልጇ ከጅዳ የላከችላትን ገንዘብ ትከታተላለች፣ ታናናሾቹ ተፍሲር ያዳምጡበታል። ያ ስልክ የቤተሰቡን አማና ተሸክሟል።

ከክሮም፣ ከፋየርፎክስና ከሳፋሪ የቱ ይሻላል? መልሱ ከማን መጠበቅ እንደፈለግን ይለያያል። ከሌባ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ከሰላይ ዓይን መጠበቅ ሌላ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።)

ከሌባው እንጀምር። ተንኮለኛ ድረ ገጽ በብራውዘሩ ክፍተት ሾልኮ፣ በሌላ ገጽ የከፈትነውን ሒሳብ ለማንበብ ይሞክራል። መከላከያው እያንዳንዱን ድረ ገጽ ለብቻው ክፍል ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው። ይህን አሠራር ክሮም በ2018 ለኮምፒዩተር አበጀ፤ ፋየርፎክስ የተከተለው በ2021 ነው። በዚህ በኩል የክሮም ብርታት አይካድም።

ወደ ሰላዩ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የክሮም ባለቤት ጉግል ነው፤ የጉግል ገቢ ደግሞ በአብዛኛው ከማስታወቂያ ነው። ከገጽ ገጽ እየተከተሉ የምናነበውን የሚመዘግቡትን የሦስተኛ ወገን ኩኪዎች ሳፋሪ በ2020 ዘጋቸው፤ ፋየርፎክስም በ2022 እያንዳንዱን በየገጹ አጠረው። ጉግል አስቀራለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፣ በ2024 ሐሳቡን ለወጠ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ የሰውን ገመና መሰለልን ከልክሏል። አንዲት እህት ስለ ሕመሟ ወይም ስለ ትዳሯ የፈለገችውን ጽሑፍ ነጋዴ ሲመዘግብባት ቀላል ነገር ነው የሚል ካለ፣ እኔ አልስማማም።

ካርድ ስለሚቆጥብ ኦፔራ ሚኒን የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። ገጹን የሚያሳንሰው ግን በኩባንያው ኮምፒዩተር በኩል አሳልፎ ነው። ስለዚህ ከፍተኛው ቁጠባ ሲበራ፣ ከባንኩ እስከ ስልካችን ተዘግቶ መምጣት የነበረበት መስመር መሐል ላይ ይከፈታል። ለዜና ይሁን፣ ለባንክ ግን አይሆንም። ወጣቶቻችን የሚመኩበት ኢንኮግኒቶም ቢሆን የተከፈተውን ገጽ በስልኩ ላይ አያስቀምጥም እንጂ ከኔትወርኩ ባለቤት አይሰውርም። ከአላህማ ማን ተሰውሮ!

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ያረጀ ብራውዘር ነው። ቀዳዳ ሲገኝ ኩባንያው የሚደፍነው በአዲሱ እትም ነው፤ ያላሳደሰ ሰው ሌባው በሚያውቀው ቀዳዳ ይኖራል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ማይክሮሶፍት በ2022 አቁሞታል፤ በቢሮ ኮምፒዩተራችሁ ላይ ካለ አትጠቀሙበት። ክሮምም ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ አንድሮይድ 7 ለሆኑ ስልኮች አዲስ እትም አያወጣም። እንዲህ ዓይነት ስልክ በቤታችሁ ካለ የወረደ ቁርአን ማዳመጫ አድርጉት፤ የባንክ የይለፍ ቃል አትጻፉበት፣ ቀድሞ የተቀመጠበትም ካለ ዛሬውኑ አጥፉት።