የሀዲዱ ሰው
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



የሰው ታላቅነት በሐውልቱ ቁመት የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከሁሉ ያነሰ በሆነ ነበር። በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በ1923 ዓ.ም. የአንበሳ ሐውልት ተተከለ። በታሪክ መጻሕፍትም የዳግማዊ ምኒልክ፣ የስዊሱ ተወላጅ የአልፍሬድ ኢልግና የፈረንሳዊው የሌዎን ሼፍኔ ስም በክብር ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ሀዲዱን በትከሻው ተሸክሞ ያነጠፈውና ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ሰው፣ ልጆቹ ካላነሡት በቀር የሚያነሣው የለም። ይህ ንግግር ለእርሱ መታሰቢያ የቀረበ ነው።

አስቀድሞ ሥራው የተጀመረበትን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ ለምድር ባቡሩ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። በ1895 ዓ.ም. ሀዲዱ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ተራራውን ወጥቶ ሐረር ለመግባት ወጪው ስለ ከበደ በቆላው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ሐረር ብለው ቢሰይሙትም ሕዝቡ ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም። ከዚያ ወዲህ የገንዘብ እጦትና የመንግሥታት ክርክር ሥራውን ለዓመታት ስላጓተተው፣ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ መንገድ በየዕለቱ የሚጠብቀው ማን ነበር? የብዙዎችን ኑሮ በአንድ ሰው አምሳል ሰብስቦ ማየት ይቻላል። ይህ ሰው ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ ዐማራ፣ ጉራጌ ወይም ዐረብ ሊሆን ይችላል፤ በሀዲዱ ላይ የእነዚህ ሁሉ ልጆች ጎን ለጎን ሠርተዋልና። መኖሪያው ድሬዳዋ፣ የመሥሪያ ቤቱም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። ፊደል ባይቆጥርም የመሣሪያውን ሁሉ የፈረንሳይኛ ስም አፉን እንደ ፈታበት ቋንቋ አድርጎ ይጠራዋል።

ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። ባለቤቱ ከእርሱ ቀድማ ተነሥታ ስንቁን ትቋጥርለታለች። መፍቻውንና መዶሻውን ይዞ በሀዲዱ ላይ በእግሩ ይሄዳል። ብረት በፀሐይ ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል፤ ስለዚህ በሁለት ሀዲዶች መጋጠሚያ የተተወው ክፍተት እንዳይደፈን፣ ብሎኑም እንዳይላላ መመርመር አለበት። በጋውን ሁሉ ደረቅ ሆኖ የከረመው ወንዝ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሞልቶ ከሀዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር ይጠርጋል፤ ያን ጊዜ ባቡሩን ቀድሞ ማስቆም የእርሱ ፈንታ ነው። መሐንዲሱ በቁጥር የሚያውቀውን እርሱ በእጁና በጆሮው ያውቃል።

የዚህ ሥራ ጠባይ ግን መልካም ሆኖ ሲሠራ አለመታየቱ ነው። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ተሳፋሪ የጫነ ባቡር ከሀዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ዓለም ሁሉ ሰማ። ባቡሩ በደኅና የገባባቸውን እጅግ ብዙ ሌሊቶች ግን የቆጠረ የለም። የእነዚያ ሌሊቶች ደኅንነት የሠራተኛው ድካም ፍሬ ነበር።

ማታ ቤቱ ሲገባ በእጁ ላይ ያለው ቅባት በሳሙና አይለቅም። ደመወዙን ለባለቤቱ ያስረክባል፤ እርሷም ከቤት ኪራይና ከእህል ዋጋ ቀንሳ ለደብተርና ለእርሳስ ታስቀምጣለች። እርሱም ከእራት በኋላ የልጁን ደብተር ገልጦ ይመለከታል። ጽሑፉን ማንበብ አይችልም፤ ነገር ግን የመምህሩን ቀይ ምልክት ከሩቅ ይለያል። ትክክል የሚለውን ምልክት ሲያይ ድካሙን ይረሳል።

ሰውየው ክብሩንም ያውቅ ነበር። የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞች በ1939 ዓ.ም. ገደማ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1941 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ቢያቆሙ አድማቸው በኃይል ተበተነ። ለቤተሰብ አባት ሥራ ማቆም የልጆቹን እንጀራ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ የታወቀው ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ይህን ሁሉ የቻለው አባት ያልቻለው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የልጁ እፍረት ነው። ልጁ ጥቂት ከተማረ በኋላ የአባቱን እጅ ማየት ይሸሻል። የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ ዝም ይላል። የእጅ ሥራን መናቅ አሮጌ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ በሽታው ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። አዋጅ ግን አንደበትን ይገታል እንጂ ልብን አያድንም፤ ልብን ማዳን የትምህርት ፈንታ ነው። ትምህርት ቤት ግን አንዳንድ ጊዜ በሽታውን ሲያባብሰው ይታያል። ሰነፉን ተማሪ «ካልተማርህ ኩሊ ትሆናለህ» ብሎ የሚያስፈራራ መምህር፣ በዚያው ክፍል ውስጥ የኩሊ ልጅ ተቀምጦ እንደሚሰማው ልብ አይልም። የሀዲድ ሠራተኛው ልጅም አባቱን ማፈር የሚማረው ያን ቀን ነው።

ዛሬ አሮጌውን ሀዲድ በብዙ ቦታ ዝገት በልቶታል፤ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመርቋል። የቀድሞዎቹ ሠራተኞችም አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ያወቁት ነገር አብሯቸው እንዳይቀበር ማድረግ ለመምህር ከባድ አይደለም። የሳይንስ መምህር ብረት በሙቀት መርዘሙን ሲያስተምር አንድ ጡረተኛ የሀዲድ ሠራተኛ ወደ ክፍል ጋብዞ ያየውን ያስነግር። የጂኦግራፊ መምህር ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያሉትን ጣቢያዎች ሲያስቆጥር በየጣቢያው የኖሩትን ሰዎች አብሮ ያንሣ። መምህራንን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም እጩ መምህሩን ተማሪውን ስለ አባቱ ሥራ በአክብሮት መጠየቅን ያስተምረው።

ያን ቀን ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ የአባቱን እጅ ሌላ አድርጎ ያየዋል። አባቱም በደብተሩ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት እያየ ድካሙን ሲረሳ የኖረው በከንቱ አለመሆኑን ያውቃል። የመምህራን ብድር ይህ ነው፤ ሳይዘገይ ሊከፈል ይገባዋል።