መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ጥገና



ንግግር አድርግ ስባል ስለ ድሮ ትዝታችን የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ስለ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው የማወራው። ትዝታችን የተቀመጠው እሱ ውስጥ ነበራ!

ዲስኩ የክፍላችንን ፎቶዎችና የአማካሪ መምህሬን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የመስክ ቃለ መጠይቆች ይዟል። ባለፈው ዓመት ከመሳቢያ አውጥቼ ሰካሁት። ፎልደሮቹ ታዩ፤ ፋይል ስከፍት ግን ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ቆይቶ "ማንበብ አልተቻለም" አለኝ። ከዚያ ዊንዶውስ "ዲስኩን ላስተካክለው?" ብሎ ሲጠይቀኝ "አዎ" ብዬ ተኛሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ጠዋት ስነሳ የአንዳንድ ፎልደሮች ስም ጠፍቶ በቁጥር ተተክቷል።

ደንግጬ ከእኔ በኋላ የተመረቀ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ቼክዲስክ የፋይሎቹን መዝገብ ነው የሚያስተካክለው፤ ሲያስተካክል ደግሞ እዚያው ዲስክ ላይ ይጽፋል። የታመመ ዲስክ ላይ አይጻፍም" አለኝ። ቅደም ተከተሉንም አስተማረኝ።

አንደኛ፣ ማዳመጥ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ከደጋገመ ወዲያው ነቅሎ ለባለሙያ መስጠት ነው። ቤት ውስጥ መክፈት የለም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተትም የለም።

ሁለተኛ፣ ድምፁ ደህና ከሆነ ገመዱንና መሰኪያውን መቀየር ነው። ትንሹ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ኃይል የሚያገኘው ከዩኤስቢው ነው። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ የ3.0ው ደግሞ 900 ነው። በማከፋፈያ በኩል ሲሰካ ኃይሉ ሊያንሰው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን፣ ስማርት የሚባለውን መረጃ ማየት ነው። ቁጥር 5 በመጠባበቂያ የተተኩ ክፍሎችን፣ ቁጥር 197 ደግሞ መነበብ ያቃታቸውን ክፍሎች ይቆጥራል። የእኔው ላይ ሁለቱም ከዜሮ በላይ ነበሩ።

አራተኛውና ዋናው፣ ከማንኛውም ጥገና በፊት ሙሉውን ዲስክ ወደ ሌላ፣ መጠኑ ወደማያንስ ጤነኛ ዲስክ መገልበጥ ነው። በሊኑክስ ላይ ዲዲሬስክዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ደህናውን ቦታ አስቀድሞ ያነባል፤ ወደ ተበላሸው በኋላ ይመለሳል። የደረሰበትን በፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ጥገናው ከዚያ በኋላ በቅጂው ላይ ነው።

ፎቶዎቹ ተረፉ። ከቃለ መጠይቆቹ ሁለቱ ግን አልተመለሱም። የዲስኩ እርጅና ይሁን የዚያች ሌሊት "አዎ" ያጠፋቸው፣ አላውቅም። የማውቀው ጠያቂውም ተጠያቂዎቹም ዛሬ በሕይወት እንደሌሉ ነው። ተመልሶ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ስለዚህ ልለምናችሁ። መሳቢያችሁ ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር ካለ፣ የመመረቂያ ጥናት ይሁን የመምህራችን ድምፅ፣ ዲስኩ ደህና ሳለ ሦስት አድርጉት፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱን ደግሞ ሌላ ቦታ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።