የጣና ነጭ ዓሣና የፕራይመር ጫፍ



ዛሬ የምናገረው ስለ ፕራይመር ነው። ፕራይመር ከ18 እስከ 25 ሆሄ የሚረዝም አጭር የዲኤንኤ ሰንሰለት ሲሆን፣ ዲኤንኤን በሚያባዛው ዘዴ በፒሲአር የሚባዛው ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ምሳሌዬ ከዚሁ ከጣና ሐይቅ ነው።

ገበያ ላይ በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የምንለው ላቢዮባርበስ አንድ ዓይነት አይደለም። ናጌልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2000 (እ.ኤ.አ.) 15 ዝርያዎችን ለይተው አሳትመዋል። ስምንቱ ዓሣ አዳኞች ናቸው፤ መንጋጋው ጥርስ ለሌለው ወገን ይህ ድንቅ ነው። ዓሣው ሙሉ ሳለ ባለሙያ በአፉ፣ በከንፈሩና በጭንቅላቱ ቅርጽ ይለየዋል። ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ቆዳው ተገፎ ሥጋው ብቻ ሲቀር ወይም ከጉማራ ወንዝ ጠጠር መካከል እንቁላል ሲገኝ ግን ዓይን አይረዳም። በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ለመራባት የሚወጡት ዝርያዎች በወንዞቹ መግቢያ በመረብ እየተጠመዱ በእጅጉ ተመናምነዋል። የትኛው እንደተረፈ ከሥጋውና ከእንቁላሉ ለማወቅ ዲኤንኤውን መመርመር ግድ ይላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኛ ክሮሞዞማችን ጥንድ ጥንድ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ግን ከየዓይነቱ ስድስት ስድስት አለው፤ ድምሩ 150 ገደማ ነው። በአንድ ዓሣ ውስጥ የአንድ ጂን በርካታ ተቀራራቢ ቅጂዎች አሉ ማለት ነው። ፕራይመራችን ሁሉንም ከያዘ፣ በ30 ዙር ቢሊዮን ጊዜ ሊባዛ የሚችለው ድብልቅ ነው፤ በአንዱ ዓሣ ቅጂዎች መካከል ያለውን ልዩነት የዝርያ ልዩነት አድርገን እንቆጥረዋለን። የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከዚህ ጣጣ ነፃ ቢሆንም፣ ዝርያዎቹ የተለያዩት በቅርብ ስለሆነ እነሱን ነጥሎ ለመለየት አላስቻለም።

እንግዲህ ዓይናችንን በፕራይመሩ ጫፍ ላይ እናድርግ። ዲኤንኤውን የሚያባዛው ኢንዛይም፣ ታክ ፖሊመሬዝ፣ አዲስ ሆሄ የሚቀጥለው በሦስት ፕራይም ጫፍ በኩል ብቻ ነው። ወደ ሌላው ጫፍ አንድ ሆሄ ባይገጥም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፤ የመጨረሻው ካልገጠመ ግን ይቸገራል። የምንፈልገው ቅጂ ኤ ባለበት ቦታ ሌላው ጂ ካለው፣ የፕራይመሩ መጨረሻ እዚያችው ቦታ ላይ ይረፍ። ይህም ላይበቃ ይችላል። ያኔ ከመጨረሻው አጠገብ ሌላ ሆሄ ሆን ብሎ ማሳሳት ይቻላል፤ የምንፈልገው ቅጂ አንድ አለመግጠም ሲቋቋም፣ የማንፈልገው ሁለት ስለሚሆኑበት ይወድቃል። ይህ ስልት በ1989 (እ.ኤ.አ.) የታተመው በሰው የዘር ሕመም ምርመራ ላይ ነበር፤ ለእኛ ዓሣ የሚስማማ መሆኑን አምናለሁ።

ፕራይመሩ የሚጣበቅበትን ሙቀትም ከፍ አድርጎ ጀምሮ በየዙሩ ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ያልገጠመውም ይጣበቃልና። ፕራይመሮቹ እርስ በርስ እንዳይጣመሩ ማየት የታወቀ ነው፤ አላቆያችሁም።

አጥብቄ የምናገረው ስለ ዲኤንኤ መረጃ ቋት ነው። ፕራይመርን የሚፈትሸው ፕሮግራም፣ ፕራይመር ብላስት፣ የሚያነጻጽረው ቋቱ ውስጥ ካለው ጋር ብቻ ነው። ያልተመዘገበ የነጭ ዓሣ ቅጂ «የለም» ተብሎ ያልፋል፤ ኮምፒውተር ላይ ንጹሕ የተባለው ፕራይመር ቤተ ሙከራ ውስጥ ሌላ ሲያባዛ ይገኛል። ስለዚህ ንድፉ የራሳችንን ዓሣ ቅጂዎች አንድ በአንድ ለይቶ ከማንበብ ይጀምር። ፈተናውም ከ15ቱ ዝርያዎች በየዝርያው ከበርካታ ዓሦች በተወሰደ ዲኤንኤ ይሁን። ቀረሶና አምባዛ፣ ባዶ ውሃም፣ ምንም ሊባዛባቸው የማይገባ ማነጻጸሪያ ሆነው አብረው ይግቡ። ናሙናው የተወሰደበት ዓሣም በኋላ የሚጠራጠር ሰው አፉን አይቶ እንዲፈርድ ከነጭንቅላቱ ይቀመጥ።